የፈተናው ቀን ቅቤ

ትርፊት ቅቤ ነጋዴ ናት። ከዶዮገናና ከአንጋጫ ወደ ሆሳዕና ገበያ የሚመጣላትን ቅቤ በጣቷ ነካ አድርጋ፣ አሽታ፣ አንዱን ትቀበላለች፣ ሌላውን «ይሄ ሙዝ አለበት» ብላ ትመልሳለች። የተመለሰባቸው ሴቶች ይከራከሯታል። እሷም ዝም ብላ ትሰማቸዋለች፤ ሰምታ ስትጨርስ መጀመሪያ ያለችውን ያንኑ ትደግመዋለች። ትርፊትን አሳመንኩ የሚል ሰው ገበያው ውስጥ አልተገኘም።

ፍሬሕይወት የተከራየችው የዚህች ሴት ግቢ ውስጥ ነው፣ ጎፈር ሜዳ። ልጅቱ የአንጋጫ ልጅ ናት፤ አባቷ መምህር ሀብቴ እዚያው ያስተምራሉ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይመራሉ። ልጅቱ ልትከራይ የመጣች ቀን ትርፊት በር ላይ ቆማ ጠየቀቻት።

«ምን ትማሪያለሽ?»

«ሚድዋይፈሪ።»

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«አዋላጅነት ነው፣ እትዬ።»

ትርፊት ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ልጅቱ የያዘችውን ፍራሽ ከእጇ ተቀበለችና የሚከራየውን የኋላ ክፍል ትታ መስኮት ያለው የፊተኛው ክፍል ውስጥ አነጠፈችላት። እዚያ ክፍል ውስጥ ተደላድሎ ይኖር የነበረው የቅቤ ዕቃ ሁሉ በዚያው ቀን ወደ ኋላ ተባረረ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ትርፊት አንድ ልጇን ስትወልድ ቤት ውስጥ አምጣ አምጣ አልሆን ቢል ሰዎች ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷት። እዚያ ሰብሌ የምትባል አዋላጅ ነበረች። ሰብሌ እጇን ያዘችና «እኔ እያለሁ የትም አትሄጂም» አለቻት፤ ትርፊትም የትም አልሄደችም። በትርፊት እናት ቤት ያዋለደች ሴት አናቷ ላይ ለጋ ቅቤ ሳይደረግላት በር አትወጣም። ሰብሌ ግን ሥራ ነበረባትና ወጣች። ትርፊት ከአራስ ቤት ስትነሳ ቅቤውን በቅጠል ጠቅልላ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሰብሌ ተዛውራለች አሏት። የት? እንጃ። ቅቤው ተመልሶ መጣ፤ ወጥ ውስጥ ገባ። ልጁም አድጎ ሹፌር ሆነ። ትርፊት ሆድ ውስጥ ግን ያ ቅቤ እንደተጠቀለለ ነበር።

ስለዚህ ፍሬሕይወት ማጥናት ስትጀምር ትርፊት ልትረዳት ፈለገች። ከአራተኛ ክፍል ስላላለፈች በመጽሐፉ በኩል የምታግዘው ነገር አልነበረም። በሌላ በኩል ማገዝ ነበረባት። ማማጥ ጀመረች።

«አልጋው ላይ ጋደም ይበሉ፣ እትዬ» ትላለች ልጅቱ ጓንቷን አጥልቃ።

«አልጋደምም።»

«ምጥ ላይ እኮ ነዎት።»

«ምጥ ላይ ስለሆንኩ ነዋ። ጤነኛ ብሆን እጋደምልሽ ነበር።»

«እሺ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ።»

«አንቺ ተንፍሺ። ሂጂ ከፊቴ፣ ትልቅ ሰው ጥሩልኝ።»

ልጅቱ መጀመሪያ ሰሞን ትስቅ ነበር። ትርፊት ተቆጣቻት፤ የምታምጥ ሴት ላይ አይሳቅም። ቀጥሎ ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች። ትርፊት እሱንም ከለከለች። መሳቁም ማልቀሱም ከቀረ በኋላ ልጅቱ አንድ ቀን «ጋደም ይበሉ» ማለቱን ተወችና «ምን ልያዝልዎት?» አለቻት። ትርፊት ቆም ብላ አሰበች። ከዚያ የቁም ሳጥኑን እጀታ ያዘች፣ ተንበረከከች፣ በዚያው ወለደች። የተወለደው በነጠላ የተጠቀለለ ዱባ ነበር። ይህ አንድ ዱባ ክረምትና በጋ ሲወለድ ኖሮ ልጣጩ ሲላላ ተቀቅሎ ተበላ፤ ሌላ ተገዛ። ጎረቤት መጀመሪያ ጩኸቱን እየሰማ እየሮጠ ይመጣ ነበር። በኋላ «ትርፊት ዛሬም ምጥ ላይ ናት» እያለ ቡናውን መቁላቱን፣ አሻሮውን ማመሱን ቀጠለ።

እንዲህ እያሉ የመጨረሻው የተግባር ፈተና ደረሰ። ይህን ያላለፈ ከሚቀጥለው ዓመት ልጆች ጋር ቆሞ እንደገና ይጠብቃል። ፍሬሕይወት ደግሞ መጠበቅ አትችልም። መምህር ሀብቴ ቀድመው ተናግረዋል፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ሁኔታውን ነው የተናገሩት፦

«ካለፍሽ እሰየው። ካላለፍሽ ቤት ገብተሽ እናትሽን ታግዣለሽ። ተራው የታናሽሽ ነው፤ ሁለታችሁን አንድ ላይ ማስተማር አልችልም።»

በፈተናው ዕለት ከሰዓት በኋላ መጥተው ፍራሿን ሊወስዱ ተቀጣጥረዋል። ብታልፍም ባታልፍም ፍራሹ ይሄዳል። ልዩነቱ ልጅቱ አንጋጫ ስትገባ አዋላጅ ሆና ነው ወይስ ፍራሽ ተሸክማ ብቻ ነው የሚለው ነው።

በዋዜማው ትርፊት ልጅቱን ከእግሯ ሥር አስቀምጣ ፀጉሯን ቆብ ውስጥ እንዲገባ ብላ ቅጥን ቅጥን አድርጋ ሠራቻት። ጠዋት ልጅቱ ነጭ ልብሷን ለብሳ ልትወጣ ስትል ትርፊትን በር ላይ ቆማ አገኘቻት። በእጇ ቅጠል ይዛለች። ቅጠሉ ላይ ለጋ ቅቤ አለ፣ ከዶዮገና ከመጣው ሁሉ የተመረጠ።

«ተቀመጪ።»

«እትዬ፣ ፈተና ነው እኮ የምሄደው።»

«ፈተና ስለሆነ ነው። ተቀመጪ።»

«ሲያልቅ ብንቀባስ?»

ትርፊት ሰማቻት። ሰምታ ስትጨርስ «ተቀመጪ» አለች።

አንዷን ሰብሌን ሲያልቅ እቀባለሁ ብላ ነው ያጣቻት። ሁለተኛ አይሆንም። እፍኙን ሙሉ አናቷ መሀል ላይ አኖረችና በሹሩባው መስመር ሁሉ አስገባችው። ልጅቱ ዐይኗን ጨፍና ተቀበለች። የሆሳዕና ጠዋት ብርድ ነው፤ ቅቤውም ብርዱን አይቶ ነጭ ሆኖ ቁጭ አለ። ቆቡ ተደረገበት። ሁለቱም የሚመጣው አልታያቸውም።

ትርፊት ወደ ገበያ ልትወጣ ስትሰናዳ ልጅቱ ተመልሳ መጣች። ዐይኗ ቀልቷል፣ ግንባሯ ያበራል።

«ምነው?»

«ቀለጠ።»

መፈተኛው ክፍል መስኮቱ ዝግ ነው፣ መብራቱ ያቃጥላል፣ ከላይ ደግሞ ካባ ይለበሳል። ፈታኟ ሲስተር ኢልሃም ትባላለች፤ ከዱራሜ ነው የመጣችው፣ ራሷም ስንት ሰው ያዋለደች ሚድዋይፍ ናት። ፍሬሕይወት እጇን ታጥባ፣ ጓንቷን አጥልቃ፣ ንጹሕ ፎጣው ላይ ጎንበስ ስትል አንድ ጠብታ ከአናቷ ወርዶ ፎጣው ላይ አረፈ። ቀጥሎ ሌላ።

«ምንድነው ይሄ?» አለች ሲስተር ኢልሃም።

«ቅቤ ነው፣ ሲስተር።»

«ከየት መጣ?»

«ከአናቴ።»

«አናትሽ ላይ ምን ይሠራል?»

ልጅቱ ውሸት አልመጣላትም። «ክብር ነው» አለች።

ሲስተር ኢልሃም ፎጣውን አየችው። «ሕፃን የሚጠቀለልበት ፎጣ ነው» አለች። «ክብሩን አውርደሽ ስምንት ሰዓት ተመለሺ፤ የመጨረሻ ተፈታኝ አደርግሻለሁ። ጠብ የሚል ነገር ካየሁ ግን ለከርሞ ነው።»

ትርፊት ይህን ሰምታ ወደ ጓዳ ገባች። ጀሪካኑን አነሳች፤ ቀላል ነው። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ የቀረችው ውሃ ለሻይ እንጂ ለአንድ እፍኝ ቅቤ የምትበቃ አልነበረችም። ያቺኑ በኦሞ ሞከሩ። ቀዝቃዛው ውሃ ሲነካው ቅቤው ሹሩባው ውስጥ ይበልጥ ጠንክሮ ተቀመጠ። ሹሩባውን ለመፍታት ቢነሱ እስከ ማታ የሚፈታ አይደለም፤ ቅጥን አድርጋ የሠራችው ራሷ ትርፊት ናት።

ልጅቱ ከዱካው ላይ ተነሳች።

«ዳኘ ጋ ልሂድ።»

ዳኘ መንገዱ ጥግ ያለው የወንዶች ፀጉር አስተካካይ ነው።

«ምን ልትሆኚ?»

«ልላጭ።»

«አብደሻል። ሴት ልጅ ፀጉሯን? እኔ ጎረቤት ዞሬ ውሃ እለምናለሁ። ካልሆነ በሻሽ ጥፍር አድርገን እናስረዋለን። ካልሆነም እኔ ሄጄ ሴትዮዋን አናግራታለሁ፤ ቅቤ ምን አደረጋት? እሷም አንድ ቀን ተቀብታ ይሆናል።»

ፍሬሕይወት ዝም ብላ ሰማቻት። ሰምታ ስትጨርስ «ዳኘ ጋ ልሂድ» አለች።

ትርፊት ልጅቱን አየቻት። ይህን አነጋገር የት እንደምታውቀው ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ነጠላዋን አነሳችና ተከተለቻት።

ዳኘ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ሁለቱ ሴቶች ገብተው፣ ልጅቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ትርፊት «ሙልጭ አድርገህ ላጫት» ስትለው ወሬው ጠፋበት። ሬዲዮኑን ዘጋ። ማሽኑን አነሳ፤ ማሽኑ ቅቤው ላይ ትንሽ ሄዶ ቆመ። ምላጭ አወጣ። ሹሩባው እየተቆረጠ ሲወድቅ የትርፊት ዐይን እንባ ሞላ፤ ራሷ የሠራችው ነው። ልጅቱ ወደ ፊት ለፊቷ መስታወት እያየች ከንፈሯን ታነቃንቃለች፤ የሚደማን ማሕፀን እንዴት እንደምታክም በቃሏ እየወጣች ነው። ዳኘ ግን ጸሎት መሰለው።

ትርፊት ገንዘብ ስታወጣ ዳኘ እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«ከእናንተ? ዛሬ? አይሆንም።»

ትርፊትን ገረማት። ዳኘ አዋላጅ የሚያከብር ሰው መሆኑን አታውቅም ነበር። የልጅቱ ባዶ ጭንቅላት እንዳይበርደው የራሷን ሻሽ ፈትታ አሰረችላት። ሻሹ ጥቁር ነው፤ ቅቤ ነጋዴ ነጭ ሻሽ አያዋጣትም።

መንገድ ላይም እንዲሁ ሆነ። ትርፊት የልጅቱን ክንድ ይዛ ስትሄድ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ወንዶች ተነሱ። አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። የባጃጅ ሹፌሩ ሳይጠሩት ቆመ፣ ኮሌጁ በር አደረሳቸው፣ ሒሳብ ሲሰጡት «ተዉት እትዬ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። የኮሌጁ ዘበኛ ደግሞ መታወቂያ ሳይጠይቅ ልጅቱን አሳለፈ፤ ለትርፊት የራሱን ወንበር አወጣላት።

ትርፊት በወንበሩ ላይ ተቀምጣ ከተማዋን እንደ አዲስ አሰበቻት። ከተማዋ ስትታማ ነው የኖረችው፤ አዋላጅ አያከብሩም፣ ተማሪ አይደግፉም ይባላል። እነሆ፣ ያከብራሉ። ሰው መታየት ያለበት በቀኑ ነው አለች ለራሷ።

ስልኳ ቤት ቀርቷል። ቢኖርም ማንም አይደውልላትም ነበር፤ እንዲህ ባለ ነገር ስልክ አይደወልም።

ፍሬሕይወት ስትወጣ ፀሐይ አዘንብላለች። ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

«እህሳ?»

«ሻሹን አውልቄ ስገባ ሲስተር አዩኝ። ወደ መስኮቱ ሄደው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ የመለማመጃውን የጎማ ሆድ ታጠቁና እናትየዋን ራሳቸው ሆኑ።»

«ሴትዮዋ ራሷ አማጠች?»

«አዎ። ጋደም ይበሉ ስላቸው አልጋደምም አሉ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ምን ልያዝልዎት አልኳቸው። የጠረጴዛውን እግር ያዙ። በዚያው ወለዱ። የጎማው ሕፃንም አልተነፍስም ብሎ ነበር፤ ተነፈሰ። ልክ እንደ እርስዎ ነበሩ፣ እትዬ። መሳደብ ላይ ብቻ ትንሽ ይቀራቸዋል።»

«አለፍሽ?»

«ነገ ነው የሚለጠፈው።»

አባቷ ደግሞ ዛሬ ነው የሚመጡት። ሁለቱም ይህን እያሰቡ፣ ሳይነጋገሩ፣ በእግራቸው ወደ ጎፈር ሜዳ ወረዱ።

ከመታጠፊያው ሲደርሱ ድንኳን ታየ። የትርፊት በር ላይ ተተክሏል። ወጣቶች አግዳሚ ወንበር ያመላልሳሉ፤ ሴቶች ጥግ ላይ ትልቅ ብረት ድስት ጥደዋል፣ ንፍሮ ነው። ትርፊት የልጅቱን ትከሻ ያዘች። ሹፌር ልጅ ያላት እናት ድንኳን በበሯ ላይ ስታይ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታያት። የእድሩ ዳኛ ሽብሩ ሮጦ መጥቶ ደገፋት።

«አይዞሽ ትርፊት። አንቺ ከላላሽ ልጅቷን ማን ይይዛታል?»

«ማን ነው፣ ሽብሩ? ልጄ ነው?»

«የምን ልጅሽ? መምህሩ ናቸው እንጂ።»

«የቱ መምህር?»

«የፍሬሕይወት አባት። የአንጋጫው። ምነው፣ ካንቺ በላይ ማን ሊያውቅ?»

ፍሬሕይወት መንገዱ ላይ ቁጭ አለች። ሻሹን በሁለት እጇ ይዛ ቁጭ ብቻ።

«ማን ነገራችሁ?» አለች ትርፊት።

«እናንተው ናችሁ።»

«እኛ ምን አልን?»

ሽብሩ ዳኘን አየው፤ ዳኘ ድንኳኑ ምሰሶ ሥር ቆሟል። «ላጨሃት አይደል?» አለው።

«ላጨኋት። ሙልጭ አድርገህ አለችኝ። እያለቀሰች ነበር። ልጅቷም ጸሎት ታደርስ ነበር። ሰው ሳይሞትባት ሴት ልጅ ፀጉሯን ምን አደረገኝ ብላ ትላጨዋለች? ለሽብሩ ነገርኩት።»

«እኔም ለእድሩ ነገርኩ» አለ ሽብሩ። «አባቷ እዚህ ይመጣሉ ተብሎ ነበር፤ እንግዲህ ሊመጡ ሲሉ ነው የሞቱት አልን።»

ይህን ጊዜ ከድንኳኑ ውስጥ አንድ ቀጭን ሰውዬ ንፍሮ የያዘ ሳህን በእጃቸው እንደያዙ ወጡ። ጎናቸው ላይ ቡላ የታሰረበት ማዳበሪያ አንጠልጥለዋል። መምህር ሀብቴ ናቸው።

«ፍሬ፣ ከመሬት ተነሺ፤ ልብስሽ ነጭ ነው» አሉ።

ኋላ ራሳቸው እንዳወሩት ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሚኒባስ ወርደው ሲመጡ ድንኳኑን አዩ፤ የልጃቸው አከራይ የሞተች መሰላቸው፣ አዘኑ፣ ገብተው ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው አጠገባቸው ያለውን ሽማግሌ ቀስ ብለው ጠየቁት።

«ማን ናቸው የሞቱት?»

«የተከራይዋ አባት። ከአንጋጫ።»

«ስማቸው ማን ይባላል?»

«ሀብቴ። መምህር ናቸው።»

«ታውቃቸዋለህ?»

«አላውቃቸውም። ግን እንዲህ ያለ ደግ ሰው አይገኝም ነበር ይላሉ።»

መምህር ሀብቴ ነገር ሳያጣሩ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ልጃቸው እስክትመጣ መቆየት ይሻላል ብለው ቆዩ። ንፍሮውም ጥሩ ነበር። በመካከሉ ሁለት ሴቶች ስለ እሳቸው ሲያለቅሱ ሰሙ፤ እሱ ትንሽ ከበዳቸው።

ፍሬሕይወት አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። መምህር ሀብቴ ጭንቅላቷን ዳበሱና እጃቸውን ሲያዩት ያበራል።

«ምንድነው?»

«ቅቤ ነው» አለች ትርፊት። «እኔ ነኝ።» ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ከእፍኙ ጀምራ እስከ ምላጩ። ሳትደብቅ፣ ሳታለቅስ፣ ገበያ ላይ እንደምትናገረው አድርጋ። ሲያልቅ «ካላለፈች የኔ ጥፋት ነው፤ ለከርሞው ያን ክፍል በነፃ ትኖርበታለች፣ እህሏም ከኔ ነው። ታናሿን ያስተምሩ» አለች።

«አይሆንም፣ እትዬ» አሉ መምህሩ።

ትርፊት ሰማቻቸው። ሰምታ ስትጨርስ ያንኑ ደገመችው።

ሽብሩ ጣልቃ ገባ። እሱን የጨነቀው ድንኳኑ ነው። «አሁን ይሄን ምን እናድርገው? ልጆቹ ደክመዋል፤ ገና ተክለው እንደጨረሱ ንቀሉ አልላቸውም። ንፍሮውም በስሏል።»

«ይቆይ» አለች ትርፊት። «ማን ከለከለው?»

እንዲህ ሲባባሉ ሲስተር ኢልሃም መጣች። ሁለት የኮሌጁ መምህራን ከኋላዋ አሉ፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። ዘበኛው ነግሯቸዋል። ሴትዮዋ ሰፊ ሒጃብ የለበሰች፣ ረጅም፣ ስትራመድ የማትቸኩል ናት። በቀጥታ ወደ ፍሬሕይወት ሄዳ እጇን ያዘች።

«አላህ ያጽናሽ። እዚያ ሆነሽ አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ብትነግሪኝ ቀን እቀይርልሽ ነበር። ማን ነው የሞተብሽ?»

«አባቴ ናቸው ተብሎ ነው፣ ሲስተር።»

«ተብሎ?»

«እኔ ነኝ» አሉ መምህር ሀብቴ ሳህኑን አስቀምጠው እጃቸውን ዘርግተው። «ሀብቴ እባላለሁ።»

ሲስተር ኢልሃም ጨበጠቻቸው። የሰውዬውን እጅ ትንሽ ያዝ አድርጋ ቆየች፤ ሙያ ነው፣ የልብ ምታቸውን ሳታየው አልቀረችም።

«ታዲያ ለምን ተላጨሽ?» አለች ወደ ልጅቱ ዞራ።

«ክብሩን አውርደሽ ነይ አሉኝ።»

«ታጠቢ ማለቴ ነበር።»

«ውሃ የለም።»

ሲስተር ኢልሃም ያረፈችበትን ሆቴል አሰበች። «እሱስ የለም» አለች። ከኋላዋ ካሉት መምህራን አንዱ ሳል ያዘው፤ ሳል ግን አልነበረም።

«እንግዲህ ሐዘን ከሌለ ልናገር» አለች ሲስተር ኢልሃም። «ሐዘን ቤት ውጤት አይነገርም ብዬ ነበር በሆዴ ይዤው የመጣሁት። ነገም ይለጠፋል፣ ግን አልፈሻል። እኔ እስከ ዛሬ የጎማ ሆድ ታጥቄ ስንቱን ተማሪ አስቸግሬያለሁ፤ ሁሉም ክንዴን ይዞ ወደ አልጋ ይጎትተኛል። ምን ልያዝልዎት ያለኝ የለም። ማን ላይ ነው የተለማመድሽው?»

«እትዬ ላይ» አለች ፍሬሕይወት። «እና ዱባ ላይ።»

«ዱባው የት አለ?»

«ተበላ» አለች ትርፊት።

ሽብሩ አግዳሚው ላይ ቆመ። የእድር ዳኛ ነውና ለሕዝቡ ማስታወቅ አለበት። «ጎረቤት፣ ስሙኝ። የሞተ የለም። የመጣችሁበት ጉዳይ ተለውጧል፤ አዋላጅ ወጥታልናለች። ማንም ተነስቶ እንዳይሄድ፣ ንፍሮው ይበላል። ስላለቀሳችሁም መምህሩ አመስግነዋል።» መምህር ሀብቴ ከተቀመጡበት ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ «እንዲህ ያለ ደግ ሰው ብያቸው ነበር፤ አልተሳሳትኩም» አላቸው።

ትርፊት ከመምህሩ ማዳበሪያ ቡላውን አወጣች፤ የድስቱ ንፍሮ ወደ ሳህን ተገለበጠና በሱ ምትክ ገንፎ ተጣደ። የመንደሩ ሴቶች ተራ በተራ እየመጡ የፍሬሕይወትን ባዶ ጭንቅላት ይዳስሳሉ፣ ይመርቃሉ፣ በዚያው ሁለት ነፍሰ ጡሮች መውለጃቸውን ጠየቋት። አንዷ «ስወልድ አንቺ ነሽ የምትይዥኝ» አለቻት። «አንጋጫ ነው የምሠራው» ብትላት «አንጋጫ ድረስ እመጣለሁ፤ መንገዱን እንጂ ምጡን አልፈራም» አለች።

ገንፎው መሀል ላይ ጉድጓድ ሲበጅለት ትርፊት ቅቤውን አመጣች። ጠዋት ከተረፈው ነው፣ ያው የዶዮገናው። ግማሹን ገንፎው ውስጥ አደረገች። ግማሹን በእጇ እንደያዘች ቆመችና ፍሬሕይወትን አየቻት። ልጅቱ በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ሸፈነች።

«አይሆንም፣ እትዬ።»

«የተላጨ ላይ እኮ እንዲያውም ይገባል።»

«አይሆንም።»

ትርፊት ወደ ሲስተር ኢልሃም ዞረች።

«ሲስተር፣ እርስዎ ነገ ፈተና አለብዎት?»

«እኔ ፈታኝ እንጂ ተፈታኝ አይደለሁም።»

«እንግዲያው ይግቡ።»

ሲስተር ኢልሃም ድንኳኑ ውስጥ ያሉትን ወንዶች አየች፣ ገንፎውን አየች፣ የትርፊትን እጅ አየች። የምታምጥ ሴት ብዙ አይታለች፤ የትኛዋ ካለችው እንደምትመለስ፣ የትኛዋ እንደማትመለስ ታውቃለች። ተነስታ ገባች። መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ መጋረጃው ተዘጋ። ሴቶቹ ብቻ ቀሩ። ሒጃቧን አውልቃ ዱካው ላይ ተቀመጠች። ፀጉሯ ከጆሮዋ በላይ ሸብቷል።

«ትንሽ ብቻ» አለች።

«እሺ» አለች ትርፊት፤ እፍኙን ሙሉ አናቷ መሀል ላይ አኖረችው።

ከውጭ የገንፎው እንፋሎት ይገባል፤ ቤቱ ሞቋል። ቅቤው ሳይቆይ ለሰለሰና ወደ ጆሮዋ መውረድ ጀመረ። ሲስተር ኢልሃም ዐይኗን እንደጨፈነች ነው።

«የኔ አይመስለኝም ይሄ» አለች። «የማን ነው?»

«የሰብሌ ነው።»

ሲስተር ኢልሃም ሰብሌ ማን እንደሆነች አልጠየቀችም።

«ይንጠባጠባል» አለች ብቻ።

«ይንጠባጠብ» አለች ትርፊት። «እዚህ ፎጣ የለም።»